የሰባት ወር ልጅ ይተርፋል፣ የስምንት ወር ልጅ አይተርፍም የሚባለው እውነት ነው?

ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ እህቴ ነፍሰ ጡር ናት፤ የመጀመሪያዋ ነው። የክትትል ካርዷ 33ኛ ሳምንት ይላል። ባለፈው ሰሞን ምጥ የሚመስል ቁርጠት ይዟት ሆስፒታል አደረች። ለሕፃኑ ሳንባ ነው ተብሎ መርፌ ተወጋች፣ ቁርጠቱም ቆመላትና ወደ ቤት ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ሰላም የለውም። እናታችንም፣ ጎረቤቱም፣ ቡና ሊጠጣ የገባው ሁሉ የሚለው አንድ ነው፦ በሰባት ወሩ ቢመጣ ኖሮ ይተርፍ ነበር፣ አሁን ግን ስምንት ውስጥ ገብቷል፣ ክፉው ወር ነው፣ ዘጠኝ እስኪገባ እንጸልይ። እህቴ እንቅልፍ አጥታለች።

እኔን ያልገባኝ ይሄ ነው። አንድ ወር ጨምሮ ማህፀን ውስጥ የቆየ ልጅ ከሱ ቀድሞ ከወጣው እንዴት ይደክማል? ፅንስ ሲያድግ በስምንተኛው ወር ላይ የሚበላሽ ነገር አለ ወይ? የምታውቁ ንገሩኝ።

(ክሩ፣ ማለትም ከጥያቄዬ ሥር የተጻፉት መልሶች፣ ከጠበቅሁት በላይ ስለረዘመና አዲስ የሚገባው ሰው ሁሉ ከሀ ስለሚጀምር፣ የመልሶቹን ፍሬ ነገር በየቁጥራቸው በራሴ አነጋገር ከዚህ በታች አስቀምጫለሁ። ምርቃት ብቻ የሆኑትንና ስድብ ብቻ የሆኑትን ዘልያለሁ።)

1. የመጀመሪያዋ መላሽ ከደብረ ብርሃን ናት። እህቴን እግዜር በሰላም እንዲገላግላት መርቃ፣ ነገሩ ግን እውነት ነው አለች። ማስረጃዋን ያመጣችው ከቤቷ ነው። ታላቅ ወንድሟ በሰባት ወሩ ተወልዶ፣ በጥጥ ተጠቅልሎ አድጎ፣ ዛሬ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ከሱ በኋላ በስምንት ወሯ የተወለደችው እህታቸው ግን ሦስት ቀን እንኳ አልቆየችም። እናቷ በዓይናቸው ያዩትን ነገር ሐኪም እንዴት ውሸት ነው ሊላቸው ይችላል ስትል ጠየቀች።

2. ይሄኛው በሰባት ወሩ የተወለደ ሰው ሁሉ ችኩል ነው ብሎ የመሥሪያ ቤቱን አለቃ በምሳሌነት አነሳ። ለጥያቄዬ መልስ አይሆንም፤ ከሁሉ በላይ የተወደደው ግን እሱ ነው።

3. የሕክምና ተማሪ ነኝ ያለ ወጣት፣ በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ ነገር መጠየቁ ራሱ ያሳፍራል፣ ድንቁርና ነው አለ። ለምን ስህተት እንደሆነ አንድ መስመር አልጻፈም።

4. ከሐዋሳ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነርስ ናቸው። መጀመሪያ 3ኛውን ልጄ ብለው ገሠጹት፤ እናቶችን በማዋረድ የሚድን ሕፃን የለም አሉት። ከዚያ ወደ ነገሩ ገቡ።

ፅንስ ማህፀን ውስጥ ሳለ በሳንባው አይተነፍስም። ኦክስጅኑን የሚያገኘው ከእንግዴ ልጁ በእትብቱ በኩል ነው፤ ሳንባው ደግሞ በፈሳሽ የተሞላ ነው። ከ24ኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ በሳንባው ውስጥ ያሉት ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ሰርፋክታንት የሚባል ቅባት መሰል ነገር ማመንጨት ይጀምራሉ። መጠኑ ለመተንፈስ የሚበቃው ግን 34 እና 35 ሳምንት አካባቢ ሲደረስ ነው። ያ ቅባት ካነሰ ከረጢቶቹ አየር ባስወጡ ቁጥር እንደ ረጠበ ፌስታል እርስ በርሳቸው ይጣበቃሉ። ሕፃኑ እንደገና ለመክፈት ይታገላል፣ ደረቱ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣ ያቃስታል፣ በመጨረሻ ይደክመዋል። ያለ ቀናቸው የተወለዱ ሕፃናትን በብዛት የሚገድለው ይሄ ነው፤ የሰባት ወሩን ልጅ ደግሞ ከስምንት ወሩ ይልቅ አጥብቆ ይይዘዋል።

ቀጠሉና፣ ሳንባ ብቻ አይደለም አሉ። መጥባትን፣ መዋጥንና መተንፈስን አቀናጅቶ ማስኬድ የሚችለው 34ኛው ሳምንት አካባቢ ነው። ከብርድ የሚከላከለው ስብ የሚጠራቀመው በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ነው። ከእናቱ ብረትና በሽታ መከላከያ የሚቀበለውም በአብዛኛው በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ነው። ክብደቱ በ28 ሳምንት 1 ኪሎ ገደማ፣ በ32 ሳምንት 1.8 ኪሎ ገደማ ይሆናል፤ በ34 ሳምንት 2 ኪሎ ያልፋል። ሁሉም ወደ ላይ ነው የሚሄደው። በስምንተኛው ወር ወደ ኋላ የሚመለስ አንድም ነገር የለም።

ለእህቴም ምክር ጨመሩ፦ የእንሽርት ውሃ ከፈሰሰ፣ ደም ከታየ፣ ቁርጠቱ ከተመለሰ ወይም የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ ስንተኛ ወር ነው ብሎ መቁጠር አያስፈልግም፣ ወዲያው ጤና ተቋም መሄድ ነው። ጊዜ የሌለው ሰው ከክሩ አንድ ብቻ ቢያነብ ይሄን ያንብብ።

5. ከአዳማ አንድ አባት ሚስታቸውም ያንን መርፌ ተወግታ እንደነበር ገልጸው ምንነቱን፣ ጉዳት ይኖረው እንደሆነም ጠየቁ።

6. መልሱን የሰጠው ፋርማሲስት ነው። መድኃኒቱ ዴክሳሜታዞን ወይም ቤታሜታዞን ይባላል፤ ሰውነታችን ራሱ ከሚሠራው ሆርሞን ጋር ዝምድና ያለው ስቴሮይድ ነው። መነሻው በግ ነው። የኒውዚላንዱ ሐኪም ሊጊንስ በጎች ምጥ እንዴት እንደሚጀምራቸው ሲያጠና፣ ሆርሞኑን ያገኙ ግልገሎች መተንፈስ በማይገባቸው ዕድሜ ተወልደው ሲተነፍሱ አስተዋለ። ከሕፃናት ሐኪሙ ሆዊ ጋር በኦክላንድ በነፍሰ ጡሮች ላይ ሞክረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1972 አሳተሙ። መርፌው በተለምዶ ከ24 እስከ 34 ሳምንት ባለው ጊዜ ይሰጣል፦ ዴክሳሜታዞን በየ12 ሰዓቱ አራት ጊዜ፣ ቤታሜታዞን በ24 ሰዓት ልዩነት ሁለት ጊዜ። ከሁሉ የሚጠቅመው ልጁ ከ24 ሰዓት በኋላ ሳምንት ሳይሞላ ከተወለደ ነው። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚደጋገም እንዳልሆነም አስጠነቀቀ።

7. እዚህ ላይ አንድ ሰው 4ኛዋን የሚያፋጥጥ ታሪክ አመጣ። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ ልጅ ፓትሪክ እ.ኤ.አ. በኦገስት 1963 ከቀኑ አምስት ሳምንት ተኩል ቀድሞ ተወለደ። በእኛ አቆጣጠር ልክ ስምንት ወሩ። 2.1 ኪሎ ይመዝን ነበር፤ ቦስተን ወስደውት ያልተሞከረ ነገር የለም፤ በ39 ሰዓቱ ሞተ። የፕሬዚዳንት ልጅ በስምንት ወሩ ካልተረፈ የማን ልጅ ሊተርፍ ነው አለ፣ በድል አድራጊ ቃና።

8. የሕፃናት ሐኪም ይመስለኛል፣ ለ7ኛው የመለሰለት በእርጋታ ነው። ፓትሪክን የገደለው 4ኛዋ የጻፉት ያው የሳንባ ችግር ነው፤ በ34 ሳምንት የሚወለዱ ሕፃናት ጥቂቶቹን ይይዛቸዋል። ሜሪ ኤለን ኤቨሪ የምትባል ሐኪም ምክንያቱ የሰርፋክታንት እጥረት መሆኑን ያሳየችው እ.ኤ.አ. በ1959 ነበር፣ ልጁ ከመወለዱ ከአራት ዓመት በፊት ብቻ። ለጨቅላ የሚሆን የመተንፈሻ መሣሪያ ገና በሥራ ላይ አልነበረም። ሰርፋክታንት ከከብት ሳንባ ተዘጋጅቶ ለሕፃናት ሲሰጥ መልካም ውጤት መታየቱን ጃፓናዊው ፉጂዋራ የዘገበው በ1980 ነው። ያ ልጅ ዛሬ በዚያው ከተማ ቢወለድ ምናልባት በሁለት ሳምንት ቤቱ ይገባ ነበር አለ። 7ኛው ሰው ይህን ካነበበ በኋላ አልተመለሰም።

9. ባንክ ቤት የምትሠራ አንዲት እኅት የቁጥሩን ነገር ከፈተችው፤ ከዚህ በኋላ ክሩ ግማሹ ስለ ቁጥር ሆነ። ሐኪም ቤት የሚቆጥረው ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ ነው፤ ፅንሱ ራሱ የሚፈጠረው ግን ከዚያ ሁለት ሳምንት ያህል ዘግይቶ ነው። ካርዱ 33 ሲል ፅንሱ 31 ሳምንቱ ነው ማለት ነው። ብዙ እናቶች ደግሞ መቁጠር የሚጀምሩት የወር አበባው ከቀረበት ወር ነው። በዚህም ላይ ስምንት ገባ እና ስምንት ሞላ አንድ ላይ ይደባለቃሉ። 33 ሳምንት 231 ቀን ነው፤ በሠላሳ ሠላሳ ቀን ሲካፈል ሰባት ወር ከ21 ቀን ይመጣል። አንዱ ቤት ሰባት ብሎ የሚጠራው ሌላው ቤት ስምንት የሚለው ሊሆን ይችላል። ታዲያ በየትኛው ስምንት ነው የምንፈራው አለች።

10. ስለ ቁጥር ከተነሳ እኔ አለሁ ብለው ገቡ አንድ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያላቸው አባት፣ ከደብረ ማርቆስ። ጌታ በማህፀን የቆየው ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ነው፦ ከመጋቢት 29 ፅንሰት እስከ ታኅሣሥ 29 ልደት ዘጠኝ ወር፣ በመሀል የምትገባው ጳጉሜን አምስት ቀን። ጳጉሜን ስድስት በምትሆንበት ጊዜ ተከታዩ የዘመነ ዮሐንስ ልደት በታኅሣሥ 28 የሚከበረው ይህ ቁጥር እንዳይዛነፍ መሆኑንም አስረዱ። ይህን ሳላውቅ ስንት ገና አክብሬያለሁ።

11. 9ኛዋ ተመልሳ አሰላችው። የአባታችን 275 ቀን የሚጀምረው ከፅንሰት ነው፤ የሐኪም ቤቱ 280 ቀን ደግሞ ከሁለት ሳምንት በፊት። ስለዚህ 275ቱ በካርድ አቆጣጠር 41 ሳምንት ከሁለት ቀን ይሆናል። ከአማካዩ ይዘገያል እንጂ ከጤናማው ክልል አይወጣም። 280 ቀን ራሱ በእኛ ወር ዘጠኝ ወር ከአሥር ቀን መሆኑን አስታወሰችን። አባታችንም ደስ ብሏቸው መረቋት።

12. ከደሴ አንድ ወንድም በእስልምና የፅንስ እድገት በሦስት አርባ ቀናት እንደሚነገር፣ ሩሕ የሚነፋው በ120 ቀን እንደሆነ ጻፈ። ለወር ቆጠራው በቀጥታ ባይጠቅምም፣ ሽማግሌዎች ስለ እርግዝና ሲያወሩ ለምን በአርባ አርባ እንደሚከፍሉ ገባኝ።

13 እና 14. አንዱ ሃይማኖት ለምን ገባ ብሎ ተቆጣ፣ ሌላው ባሰበት፤ አወያዩ ሁለቱንም ደመሰሰ።

15. ክሩን ያናጋው መልስ ይሄ ነው። ስሙን ያልገለጸ ሰው፣ በሰባት ወራቸው ተወልደው ጠንካራ የሆኑትን ልጆች ሁሉ የወላጆቻቸውን የሠርግ ቀን እስቲ አስሉ አለ። ሠርጉ በጥር፣ ልጁ በነሐሴ፣ ልጁ 3 ኪሎ ተኩል፤ ጎረቤት ሲጠይቅ ምን ይባላል? ሰባት ወር ይባላላ! በሠርጉ በስምንተኛው ወር የመጣ ልጅ ግን ሰበብ ለማበጀት አይመችም ብሎ ቀለደ። ዊንስተን ቸርችልንም ጠራ፦ ወላጆቹ የተጋቡት እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 1874፣ እሱ የተወለደው በዚያው ዓመት ኖቬምበር 30፤ ቤተሰቡም ያለ ቀኑ መጣ አለ።

16. የደብረ ብርሃኗ ነገሩን ለእናቷ ወሰደችው። አፉን ይቁረጠውና እናቴ በተክሊል ነው ያገባችው ብላ ጻፈች።

17. 15ኛው ይቅርታ ጠይቆ ስለማንም እናት እንዳላወራ አስረዳ። እኔ ግን ቀልዱን ትተን ስናስበው ትልቅ ነገር ተናግሯል እላለሁ። ሙሉ ቀኑን የጨረሰ ልጅ ሰባት ወር ተብሎ ከተመዘገበ፣ የሰባት ወር ልጆች መትረፋቸው ምኑ ይገርማል?

18. ከወልዲያ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ የሆነች እኅት ሌላ ገጽታ አመጣች፤ በእኔ ዳኝነት ከ4ኛው ቀጥሎ ምርጡ መልስ ነው። በአገራችን የሕክምና ትርጉም ከ28 ሳምንት በፊት የወጣ ፅንስ ውርጃ ነው የሚባለው። በመንደርም ሰባት ወር ሳይሞላው የጠፋ አስወረዳት ተብሎ ይታለፋል፤ ለቅሶ አይቀመጡለትም፣ ስንት ልጅ ወለድሽ ሲባሉም አይቆጥሩትም። ከነሱ መሀል አልፎ አልፎ አንዱ ሲተርፍ ግን አገር ያወራለታል። የስምንት ወሩ ደግሞ ልጅ መስሎ ነው የሚወጣው። ያለቅሳል፣ ጡት ይሞክራል፣ ስም ይወጣለታል፣ ተስፋ ይጣልበታል፤ ሲሞት ይለቀስለታል፣ ይታወሳል። ከአንደኛው ወገን የተረፉትን፣ ከሌላው ወገን የሞቱትን እየለየን ነው የምናስታውሰው አለች።

19. ከጎንደር የሕክምና ተማሪ (3ኛው ሳይሆን ሌላ) ፅንስ ከመጀመሪያው ጀምሮ እንዴት እንደሚሄድ በረጅሙ ጻፈ። የክፍል ትምህርት ቢመስልም እህቴን ከሁሉ ይልቅ ያስደሰታት እሱ ነው፤ ሁለቴ አስነበበችኝ። እሱ ቀኑን የቆጠረው ከፅንሰት ነው። እንቁላሉና የወንዱ ዘር የሚገናኙት በማህፀን ቱቦ ውስጥ ነው፤ እየተከፋፈለ ወርዶ በ6ኛው ቀን ገደማ የማህፀን ግድግዳ ላይ መጣበቅ ይጀምራል። በ22ኛው ቀን ገደማ ልብ መምታት ይጀምራል። አንጎልና ህብለ ሰረሰር የሚሆነው ቱቦ በ28ኛው ቀን ተዘግቶ ያልቃል፤ ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን ገና ሳያረጋግጡ ማለት ነው። በ8ኛው ሳምንት መጨረሻ ቁመቱ 3 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ጣቶቹ ተለያይተዋል፣ ዋና ዋና የአካል ክፍሎች መሠረታቸው ተጥሏል። ከዚያ በኋላ ያለው ሰባት ወር በአብዛኛው ማደግና መብሰል ነው።

ከዚህ በታች ያሉትን ሳምንታት በካርድ አቆጣጠር አስቀመጣቸው። እናት እንቅስቃሴ የምትሰማው ለመጀመሪያ እርግዝና 20 ሳምንት አካባቢ ነው፤ የወለደች ሴት ቀደም ብላ ትለየዋለች። ከ26 እስከ 28 ሳምንት ዓይኖቹ ይከፈታሉ፤ በዚያው አካባቢ ድምፅ ይሰማል። አንጎሉ በ35 ሳምንት ሲመዘን ሙሉ ቀኑን ጨርሶ ቢወለድ ከሚኖረው ሁለት ሦስተኛውን ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ስምንተኛው ወር ክፉ ሳይሆን ሥራ የበዛበት ወር ነው አለ።

20. አንዲት አግብታ ገና ያላረገዘች እኅት የ28ኛው ቀን ነገር አስደንግጧት፣ ያ ቱቦ በደንብ እንዲዘጋ የሚረዳው ቫይታሚን፣ ፎሊክ አሲድ፣ መቼ እንደሚጀመር ጠየቀች።

21. 6ኛው ፋርማሲስት ተመልሶ፣ ከማርገዝ ቢያንስ አንድ ወር በፊት ጀምሮ በቀን 400 ማይክሮ ግራም መሆኑን፣ ከዚህ በፊት ህብለ ሰረሰሩ ያልተዘጋ ልጅ የወለደች እናት ግን በሐኪም ትእዛዝ አሥር እጥፍ እንደምትወስድ ነገራት። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣ የእንግሊዞች ጥናት ፎሊክ አሲድ ችግሩ እንደገና የመከሰቱን ዕድል በ72 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። አሜሪካ ከ1998 ጀምሮ ዱቄት ውስጥ እንዲገባ አስገድዳለች። እኛ አገር ግን የፋብሪካ የስንዴ ዱቄት ቢበለጽግ እንኳ እህሉን ሰፈር ወፍጮ ቤት አስፈጭቶ እንጀራ ለሚበላው ብዙ ሰው አይደርስም፤ ለዚህ ነው በጨው ውስጥ ይግባ የሚለው ሐሳብ የሚነሳው አለ። ራሱን የቻለ ክር የሚገባው ጉዳይ ነው፤ አንድ ሰው ቢከፍተው።

22. ከሜሪላንድ የመንትዮች እናት የጻፈችው አጭር ነው። መንታ በአማካይ የሚወለደው 35 እና 36 ሳምንት ላይ ነው፤ የሷም በ35 ነው የመጡት። የስምንት ወር ልጅ የማይተርፍ ቢሆን ኖሮ በአገራችን መንታ የሚባል ሰው ማየት ብርቅ ይሆን ነበር አለች። ከዚህ በኋላ በስምንት ወር የሚከራከር ሰው አልመጣም፤ ክርክሩ አቅጣጫውን ቀየረ።

23. እዚያው አሜሪካ በጨቅላ ሕፃናት ፅኑ ሕክምና ክፍል የምትሠራ ነርስ፣ ይህን ሰምታችሁ ደግሞ ስምንት ወር ምንም አይደል እንዳትሉ አለች። በ34 እና 35 ሳምንት የሚወለዱት ሲያዩዋቸው ደህና ይመስላሉ፤ ነገር ግን ቶሎ ይቀዘቅዛሉ፣ ጠብተው ሳይጠግቡ ይተኛሉ፣ ስኳራቸው ይወርዳል፣ ቢጫ ይሆናሉ። እሷ ባለችበት ክፍል ብዙዎቹ በሲፓፕ (አየር በአፍንጫ በኩል በግፊት በሚሰጥ መሣሪያ) ጥቂት ቀን ተረድተው ይወጣሉ። በ28 ሳምንት የተወለዱትም አብዛኞቹ በሕይወት ቤታቸው ይገባሉ።

24. ከባሕር ዳር አንድ ጠቅላላ ሐኪም በምሬት መለሰላት። እዚያ ሆኖ መጻፍ ቀላል ነው አላት። እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2018 በአገራችን አምስት ሆስፒታሎች ያለ ቀናቸው በተወለዱ ሕፃናት ላይ ትልቅ ጥናት ተካሂዷል። ፅኑ ሕክምና ክፍል ከገቡት ከ3,800 በላይ ሕፃናት 29 በመቶው 28 ቀን ሳይሞላቸው ሞተዋል፤ የሞቱት 45 በመቶ ያህሉን የገደለው ያው የሳንባ ችግር ነው። እነዚህ ሆስፒታል የደረሱት ናቸው። እናቶቻችን በስምንት ወሩ ሞተ የሚሉት ፈጥረው አይደለም፣ አይተው ነው፤ የተሳሳተው ምክንያቱ ብቻ ነው አለ። ቃሉ ሻካራ ቢሆንም የሚካድ አይደለም። ነርሷም አልተቀየመችውም፤ እሷ ራሷ ከመሄዷ በፊት አዲስ አበባ አንድ ማሞቂያ ላይ ሦስት ሕፃን አስተኝታ ታውቃለች።

25. አዋላጇ እዚህ ላይ ተመለሱ። ማሽን በሌለበትም የሚሠራ ነገር አለ አሉ፦ ሕፃኑን ራቁቱን በእናቱ ደረት ላይ፣ ቆዳ ለቆዳ፣ ቀንና ሌሊት ማሰር። ኮሎምቢያ ቦጎታ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ማሞቂያ ሲያጥር የተጀመረው የካንጋሮ እንክብካቤ ነው። እዚህም በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ቶሎ ሲጀመር የሚተርፉት ሕፃናት ቁጥር እንደሚጨምር እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት አሳይቷል። በኋላ በ2021 በብዙ አገሮች የተደረገ የዓለም ጤና ድርጅት ጥናት፣ ከወሊድ በኋላ ወዲያው ሲጀመር ሞትን በ25 በመቶ መቀነሱን አረጋገጠ። የደብረ ብርሃኗን ወንድም በጥጥ መጠቅለል በስሕተት አልነበረም፣ ሙቀት ነው የፈለጉለት፤ ደረታቸው ላይ ቢያደርጉት ግን ይበልጥ ይሞቅ ነበር አሉ።

26. አንድ ሰው ሴት ልጅ ትበረታለች የሚባለውስ ብሎ ጠየቀ። ለካ ይሄኛው እውነት አለው፤ የሴት ፅንስ ሳንባ ከወንዱ ጥቂት ቀደም ብሎ እንደሚበስል፣ በእኩል ሳምንት ከተወለዱ ሴቶቹ በተሻለ እንደሚተርፉ 8ኛው ሐኪም አረጋገጠ።

27. ታሪክ አስተማሪ ነኝ ያለ፣ እምነቱ የእኛ ብቻ አለመሆኑን ጻፈ። በሂፖክራተስ ስም የሚጠሩት የጥንት ግሪክ የሕክምና ጽሑፎች ስለ ስምንት ወር ልጅ በተለይ ይናገራሉ፤ አይኖርም ይላሉ። አሪስቶትል ግን በግብፅ የስምንት ወር ልጆች እንደሚያድጉ ሰምቶ ጽፏል። የአባይን ውኃ ጠጥተው ይሆናል ብሎ የቀለደ አልጠፋም፤ ከዚያ ለተወሰነ ጊዜ ስለ ግድቡ ተወራ፣ ዘልየዋለሁ።

28. የደብረ ብርሃኗ እናቷን ደውላ እንደጠየቀች ነገረችን። ወሩን የቆጠሩት ማርገዛቸውን እርግጠኛ ከሆኑበት ጊዜ ጀምሮ ነው፤ ከዚያ በፊት ሁለት ወር የወር አበባ ቀርቶባቸው ነበር፣ ግን ፆም ነው ብለው አልተጠራጠሩም። 9ኛዋ ወዲያው አሰላችው፤ ሾፌሩ ዘጠኝ ወሩን ሳይሞላ አልቀረም። እናቲቱ ግን እስካሁን ሰባት ነው ይላሉ።

29. ስለ እህቴ ለጠየቃችሁ፦ 36ኛ ሳምንት ገብታለች፣ ልጁም ይራገጣል። እናቴ 4ኛውንና 22ኛውን መልስ አንብቤላቸው መንታ የወለዱትን ዘመዶቻችንን በጣታቸው ቆጠሩ፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ስምንት ወር አላነሱም።

30. አንዲት እናት ያለ ቀኑ የተወለደ ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሳው መወለድ ከነበረበት ቀን ተቆጥሮ ነው ወይ ስትል ጠየቀች። 10ኛው አባት፣ አርባው ቀን የሚቆጠረው ከተወለደበት ነው፣ ለሴትም ሰማንያው እንዲሁ፤ ለሕይወቱ የሚያሰጋ ከሆነ ግን ቀኑ ሳይጠበቅ ይጠመቃል ብለው መለሱ።

31. ይህችው እናት ልጇ በ32 ሳምንት እንደተወለደና አሁን ስድስት ወር ሞልቶት ገና አለመቀመጡን ጨመረች። 23ኛዋ ነርስ፣ ለመቀመጥ፣ ለመዳህና ለመራመድ ቀድሞ የመጣበትን ስምንት ሳምንት እንድትቀንስለት፣ ማለትም እንደ አራት ወር ልጅ እንድታየው ነገረቻት። ለክትባት ግን መቀነስ የለም፤ የ6ኛው፣ የ10ኛውና የ14ኛው ሳምንት ክትባት ከተወለደበት ቀን ነው የሚቆጠረው። እናትየዋ የ14ኛው ሳምንቱን ስላዘገየች ሰኞ ጤና ጣቢያ እንደምትወስደው ጽፋለች።